ጀርባቸውን ሰጥተው ያስተማሩን የመምህርት የሺሃረግ ኃይሌ የሕይወት ታሪክ

መምህርት የሺሃረግ ኃይሌ ከአባታቸው ከአቶ ኃይሌ ሻዎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ገብሬ ጥቅምት 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ቦንጋ አቅራቢያ ማንኪራ ተወለዱ። ጊዜው ቡና የሚለቀምበት ነበርና እናታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ያን ዕለት ከለቀማው አንድ ሰው ጎደለ፣ ከቤት አንድ ሰው ተጨመረ» እያሉ ይነግሩን ነበር። የጎደሉት ሰው ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ታላቅ ወንድማቸው ቢሻው ነኝ። ቤት ውስጥ «አንቺ የሺ» እያልኳቸው ነው ዕድሜያችንን የፈጀነው። ዛሬ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ታናሼ ቢሆኑም ቀድመውኝ ሄደዋልና የዛሬ ታላቅ እሳቸው ናቸው።

አባታችን ከቡናው ሌላ ንብ ያነቡ ነበር። ቀፎው የሚሰቀለው ትልልቅ ዛፍ ላይ ስለሆነ፣ ሲወርድ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በገመድ ይለቀዋል፣ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ቅርንጫፍ እንዳይነካ ይስበዋል። አንድ ቀን የታቹን ገመድ የያዙት ትንሿ የሺሃረግ ነበሩ። አባታችን ከላይ ሆነው «ወደ ቀኝ ሳቢ» አሏቸው። እሳቸውም ታዛዥ ልጅ ነበሩና ወደ ቀኛቸው ሳቡ። አባታችን ግን ፊታቸውን ወደ ልጅቷ አዙረው ስለነበር የእሳቸው ቀኝ ለልጅቷ ግራ ነው። ቀፎው ከቅርንጫፍ ጋር ተላትሞ ወረደ፤ ንቦቹም ቀኝ ግራ ሳይለዩ ሁላችንንም ነደፉን። የሺሃረግ ያበጠ ከንፈራቸውን በእጃቸው ይዘው በካፊኖኖ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ «አባባ፣ የማን ቀኝ እንደሆነ መች ነገሩኝ?»

ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በ1952 ዓ.ም. ቦንጋ አክስታችን ቤት ተቀምጠው ትምህርት ጀመሩ። የእጅ ጽሕፈታቸው ያማረ ስለነበር መምህሮቻቸው ሰሌዳ ላይ እሳቸውን ያስጽፉ ነበር። ከዚያም ጅማ ወርደው በመምህርነት ሠልጥነው በ1964 ዓ.ም. ተመረቁና ቢታ ገነት ተመደቡ።

ቢታ ገነት ላይ አቶ ፍቅሩ የሚባሉ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የቡና ችግኝ አስተከሉና ችግኙን ለማየት ይመላለሱ ጀመር። ዳይሬክተሩ ቢጨንቃቸው፣ ይህ ችግኝ በጠዋትም በረፍትም በማታም የሚጎበኘው ምን ቢታመም ነው ብለው ጠየቁ አሉ። ችግኙ ደህና ነበር፤ የታመሙት አቶ ፍቅሩ ናቸው። ጥር 1968 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አብርሆትን፣ ፍቃዱንና ሜሪን ወለዱ። በ1979 ዓ.ም. ወደ ቦንጋ ተዛውረው ሲመጡ ሜሪ ገና አልተወለደችም፤ የቦንጋ ልጅ ናት።

አሁን የምተርከው ስለ ሜሪ ነው። ይህን ጽሑፍ ቆማ የምታነብላችሁም እሷው ናት። እዚህ ጋ ስትደርስ እንዳትዘልለው አደራ ብያታለሁ። ሜሪ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ አልሸሸንም።

ሜሪ አንደኛ ክፍል የገባችው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ1989ም አንደኛ ክፍል ነበረች። በ1990 ስትመለስ የክፍሉ ልጆች እንደ ሞግዚት ያዩዋት ጀመር። አፏ ላይ ነገር የሚጠፋባት ልጅ አልነበረችም፤ ተረት ከሰማች ሳታጎድል ትነግራችኋለች። ፊደል ላይ ስትደርስ ግን ባን ቦ ትላለች፣ ሶን ሳ ትላለች። «ቦርሳ» ጻፊ ስትባል «ባርሶ» ትጽፋለች። የካፊኖኖውን ትምህርት በላቲን ስትማር ደግሞ ቢና ዲ ሆዳቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ አይያዝላትም። ጫማዋን ቀኙን በግራ፣ ግራውን በቀኝ ታጠልቃለች። የሹራቧን ቁልፍ አንድ ዘልላ ስለምትጀምር አንገቷ ጋ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ያለ ቀዳዳ ይተርፍ ነበር። ኳስ ሲወረወርላት እጇን የምትዘረጋው ኳሱ ደረቷን መትቶ ከወደቀ በኋላ ነው።

ያልተደረገ ነገር የለም። ጸበል ተወሰደች። ዓይኗ ነው ተብሎ ጤና ጣቢያ ታየች፤ ዓይኗስ ከማናችንም ይበልጣል ተባለ። እውነትም ማንኪራ ስትመጣ ከጫካው ማዶ የቀላ ቡና ለይታ የምታሳየኝ እሷ ነበረች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ራሕመት፣ የልብስ ሰፊው የአቶ ተማም ባለቤት፣ ከልባቸው አዝነው የራሳቸውን አማት መነጽር ሰጧት። መነጽሩን ባደረገችበት ቀን የቄሱን በቅሎ «እንደምን አደሩ» ብላ ስማ ቦይ ውስጥ ገባች። መነጽሩ በምስጋና ተመለሰ።

በ1989 ዓ.ም. ክረምት መምህርት የሺሃረግ ለአንደኛ ክፍል መምህራን በተዘጋጀ ኮርስ ተካፈሉ። አሠልጣኙ ወጣት ነበር፤ እስከ መጨረሻቸው ስሙን በምርቃት ያነሱት ነበር። ማየት ሌላ፣ ያዩትን መለየት ሌላ ነው አላቸው። አንዳንድ ልጅ ፊደሉን አጥርቶ ያየዋል፣ ወዴት እንደዞረ ግን አይያዝለትም። ዓይኑ ያየውን እጁ ሲከተልም ይዘገያል፤ ኳስ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ መስመር ላይ መጻፍ ይቸግረዋል። ስንፍናም ድንቁርናም አይደለም፣ በጨዋታና በልምምድ ይረዳል አላቸው። እሳቸው ይህን ሰምተው ከኮርሱ እየሮጡ ነው ቤት የገቡት። አቶ ፍቅሩን ቁጭ አድርገው የልጅቷ ዓይንና እጅ ገና አልተዋወቁም፣ አስተዋዋቂዎቹ እኛ ነን አሏቸው።

አቶ ፍቅሩ ግን ተስፋቸው አልቆ ነበር። ክፉ አባት ሆነው አይደለም፤ ልጃቸው ሲሳቅባት ማየት አልቻሉም። እህታቸው እትዬ ታንጉት ቢታ ገነት ሱቅ ነበራቸው። እዚያ ትሂድ፣ ስኳርና ሳሙና ትሽጥ፣ ማንም ፊደል አይጠይቃት አሉ። ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ፦ ሜሪ ዘንድሮ በእናቷ ክፍል ትማር፤ እስከ ሰኔ ካላነበበች እትዬ ታንጉት መጥተው ይውሰዷት። ከሄደች እንደማትመለስ ሁሉም ያውቅ ነበር።

መምህርቷም ዘዴ ፈለጉ። ባና ቦን ስታዩዋቸው አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ እግራቸው ላይ ነው። ባ ረጅሙ እግሯ በቀኝ ነው፣ ቦ ረጅሙ እግሩ በግራ ነው። በቦንጋ ጭቃ ቦት ጫማ የሌለው ቤት የለምና፣ አንድ ጠዋት በግራ እግራቸው ረጅም ቦት፣ በቀኝ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርገው በከተማው መካከል ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሰው ሁሉ የሌላኛው ቦት ሌባ ይያዝልዎት እያለ አሳለፋቸው። ክፍል ገብተው በተማሪዎቹ ፊት ቆሙና ቦቱን እያሳዩ፣ ቦ ማለት ቦት ያጠለቀው ነው፣ ቦት ያለበት እግር ረጅም ነው ብለው አስተማሩ። ልጆቹ በጣም ወደዱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በባለ አንድ ጫማ ልጅ ተሞላ። ወላጆች የሌላኛው እግር ጫማ የት ጠፋ እያሉ አልጋ ሥር ሲፈልጉ ሰነበቱ።

ጥር ላይ ሱፐርቫይዘር መጣ። ደግ ሰው ነበር። ለማበረታታት ያህል የከተማችሁን ስም ጻፉ አላቸው። ደብተሮቹን እየዞረ አየ። «ባንጋ።» ቀጠለ። «ባንጋ።» ሌላ ረድፍ ሄደ። «ባንጋ።» በዚያ ጊዜ ዞኑ ራሱ ከፊቾ ሸኪቾ ተብሎ፣ የሁሉም ነገር ስም በየጊዜው የሚለወጥበት ወቅት ነበርና ሰውየው ደነገጠ። ወደ ዳይሬክተሩ ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ የከተማው ስም ተለውጦ ሰርኩላሩ ሳይደርሰኝ ቀርቶ ይሆን ወይ አለው አሉ።

የመጨረሻው ደብተር የሜሪ ነበር። «ቦንጋ» ይላል። ሱፐርቫይዘሩ እፎይ ብሎ ልጅቷን ወንበር ላይ አቁሞ አስጨበጨበላት።

ወሬው ከሜሪ ቀድሞ አባቷ ጋ ደረሰ። አቶ ፍቅሩ ቢሮውን በሙሉ ሻይ ጋበዙ። ከክፍሉ ቦንጋን የምታውቅ የእኔ ልጅ ብቻ ናት እያሉ፣ ቢታ ገነት ለሚሄድ ሾፌር ሁሉ፣ ለታንጉት አትምጪ በላት ብለው ላኩ።

መምህርቷ ግን ነገሩ ከነከናቸው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ዘበኛውን ጋሽ ማሙሽን ጠሩ። ስማቸው ማሙሽ ይሁን እንጂ ጺማቸው እስከ ደረታቸው የሸበተ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ማሙሽን በግራ እግራቸው ቦቱን አስጠልቀው ሰሌዳው ፊት አቆሟቸውና ራሳቸው ከተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አዩ። ቦቱ በቀኝ ነው። ጋሽ ማሙሽን ዞር ይበሉ አሏቸው። ዞሩ። ቦቱ በግራ ሆነ። እንደገና ዞር፣ እንደገና ዞር። ጋሽ ማሙሽ በመጨረሻ እትዬ የሺ፣ ጥፋት ካለብኝ በቃል ይንገሩኝ አሉ።

ያኔ ገባቸው። ልጆቹ ያዩትን በትክክል ጽፈዋል። ፊታቸውን አዙረው ያስተማሩት ግራ ለልጆቹ ቀኝ ነበር። የማንኪራው ቀፎ እንደገና ወደቀ፤ አሁን ገመዱን ከላይ የያዙት እሳቸው ነበሩ። ሜሪስ? ሜሪ ነገርን ሁሉ ገልብጣ መያዝ ልማዷ ነውና የተገለበጠውን ገልብጣ አቃናችው። ከወንበሩ ላይ ሆነው ሳቁ፤ ጋሽ ማሙሽም ባይገባቸው አብረው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። የልጅቷ ጭብጨባ ከስህተት ላይ የበቀለ መሆኑ ነው።

ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ ልጅቷም አትሄድም ነበር። ቤት ገብተው ግን ለአቶ ፍቅሩ ነገሯቸው።

«ፍቅሩ፣ እኔ ገልብጬ አስተምሬ እሷ ገልብጣኝ ነው እንጂ አውቃ አይደለም።»

«ታዲያ ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ አምኗል።»

«ልጅቷ አላመነችም። እኔ ብቻ ትክክል ከሆንኩ ለምን አላነብም ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?»

አቶ ፍቅሩ ኮታቸውን አነሱ። ከዚያ ሰኔ ሰኔ ነው አሉና ወጡ። ቢሮ ሄደው የጋበዙትን ሻይ ማስመለስ እንኳ አይችሉም።

በማግስቱ መምህርት የሺሃረግ ክፍል ገብተው ሰላምታ ሰጡና ዞሩ። ልጆቹን ዛሬ ጀርባዬን የምሰጣችሁ ተቀይሜያችሁ አይደለም፣ የእኔ ግራ የእናንተም ግራ እንዲሆን ነው አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ፊደል ያስተማሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። በከተማው «ጀርባዬ» የሚል ስም የወጣላቸውም በዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ጀርባ የተሰጠው ክፍል ሥርዓት የለውም ብለው ቢጨነቁ፣ ከአቶ ተማም ልብስ መለኪያ የተሰነጠቀ መስታወት ለምነው ሰሌዳው ጎን ሰቀሉ። ልጆቹ መምህርቷ ከኋላም ዓይን አላቸው ብለው ፈሩ። መስታወት ደግሞ ግራና ቀኝ ያምታታል፤ አንዳንዴ የረበሸው ቀርቶ ከማዶ ያለው ጨዋ ልጅ ይቀጣ ነበር። ከመካከላችሁ በከንቱ የተቀጣ ካለ፣ ዛሬ ለነፍሳቸው ሲል ይቅር ይበላቸው።

ቤት ያለው ሥራ ደግሞ ሌላ ነበር። ግቢው ውስጥ ገመድ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ ሜሪ በገመዱ ላይ ተረከዝና አውራ ጣት እያገጣጠመች ትሄዳለች። የካልሲ ኳስ ተሠራ፤ በመጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ ትቀልባለች። ወይዘሮ ራሕመት የሱቃቸውን የልብስ ቁልፍ በሙሉ በሰፌድ ላይ ደፍተው፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራቱ፣ ትልቁን ከትንሹ ያስለቅሟታል። ጭቃ ላይ በጣት፣ አየር ላይ በክንድ ፊደል ይጻፋል። አቶ ፍቅሩ የማያምኑ ቢሆኑም ከልምምዱ አላመለጡም። ከቢሮ ሲመለሱ ከነኮታቸው ጀርባቸውን አዙረው፣ ቀኝ እግራቸውን አጥፈው፣ በግራ እግራቸው ቆመው ሶ ይሆናሉ። እግር ሲለውጡ ሳ ይሆናሉ። ሜሪ ፊደሉን ሳትነግራቸው እግር ማውረድ የለም። ያኔ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው እንዴት ዋሉ ሲላቸው፣ «አሁን ሶ ነኝ፣ ቆይተህ ና» የሚል መልስ ይሰጡ ነበር። ይህን እሳቸው አይክዱም፤ እኔም አጥሩ ጋ ነበርኩ።

እየዋለ ሲያድር የሹራቡ ቁልፍ ቀዳዳውን አገኘ። ኳሱ እጅ ውስጥ መቅረት ጀመረ። ንባቡ ግን አልመጣም። ሰኔ መጣ፤ ተደምሮ ተቀንሶ ስታነብ ፊደል ትገምታለች፣ ሲነግሯት ታለቅሳለች። እትዬ ታንጉትም ከቢታ ገነት መጡ። ዕቃዋ በአንዲት ከረጢት ተጠቀለለ። ሁላችንም ወደ መናኸሪያው ልንሸኝ ወጣን፤ መምህርት የሺሃረግ የልጃቸውን እጅ ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር።

መንገዱ በአቶ ተማም ሱቅ በኩል ነው። በሩ ላይ ከጥር ጀምሮ አዲስ ታፔላ ነበር። የጻፈው ልጃቸው ሚንሃጅ ነው፤ ከነሜሪ ክፍል እጁ ያማረው እሱ ስለነበር አባቱ ኮርተው ቀለምና ብሩሽ ሰጥተውት ነበር። ቦርሳና ልብስ እንደሚሰፉ የሚናገር ታፔላ ነው። ከተማው ሁሉ ከሥሩ ሲያልፍ አምስት ወር ሆኖታል። ሜሪ እዚያ ስትደርስ ቆመች። እናቷ ቢስቧት አልንቀሳቀስ አለች።

«ጋሽ ተማም፣ ባርሳ ምንድን ነው?»

አቶ ተማም ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና ብለው፣ «ቦርሳ ነው እንጂ ልጄ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው» አሉ።

«አይደለም። ቦቱ በቀኝ እግሯ ነው።»

ሁላችንም ቀና አልን። መጀመሪያ ያየሁት ቦርሳ ነው፤ ማንም አዋቂ ሰው የሚያየው እሱን ነው። እኛ ገምተን እናልፋለን እንጂ እግር አናይም። ሁለተኛ ሳይ «ባርሳና ልብስ እንሰፋለን» ይላል። አቶ ፍቅሩ ታፔላውን አዩ፣ የራሳቸውን እግር አዩ፣ እንደገና ታፔላውን አዩ። በየቀኑ ቢሮ ሲሄዱም ሲመለሱም የሚያዩት ነው። ሜሪ ጣቷን አንስታ ቀሪውን ቀስ እያለች፣ እግር እግሩን እያየች ለቀመችው። ልብስ። እንሰፋለን።

አቶ ፍቅሩ ከረጢቱን ከእህታቸው እጅ ወሰዱ።

«ታንጉት፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ። ልጅቷ አትሄድም።»

እትዬ ታንጉትም፣ «እሰይ። እንኳን አልመጣች፣ የሱቄን ታፔላ ስህተት ስትለቅም ደንበኛ ታባርርብኝ ነበር» አሉ።

መምህርት የሺሃረግ በዚያ ሰዓት ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያ ቀን ግን ለማስተማር አልነበረም።

ሜሪ በዚያው ቀን ሊቅ አልሆነችም፤ ሳልዋሽ ልንገራችሁ። አራተኛ ክፍልም ሆና በጣቷ እየተከተለች ነበር የምታነበው፤ ፈተና ላይ ሰዓት አይበቃትም ነበር። ግን አነበበች፣ አለፈች፣ ተማረች፣ ዛሬ በከተማችን መድኃኒት ቤት የምትሠራ ባለሙያ ናት። አምላክ ቀልድ ያውቃል፤ የታተመ ፊደል ያቃታት ልጅ ዛሬ ማንም የማያነበውን የሐኪም ጽሑፍ ታነባለች። የእኔንም የእጅ ጽሑፍ ያነበበችልኝ እሷ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ዛሬ አንባቢ የሆነችው።

ከሜሪ በኋላ ፊደል ያስቸገራቸው ልጆች ከሰዓት በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ ይሰበሰቡ ጀመር። ከማንኪራም የሚመጡ ነበሩ። ሰፈሩ «የቦት ልጆች» ይላቸዋል። ሁሉም አልተሳካላቸውም፤ መምህርቷ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። ሰነፍ ተብሎ ከዚያ ግቢ የወጣ ልጅ ግን የለም።

ታፔላውም እስከ ዛሬ አለ። ዓመታት አልፈው ጎረምሶቹ የእስፔኑን ኳስ ማየት ሲጀምሩ፣ ባርሳ እዚህ ይሰፋል ተብለው ማልያ ሊያሰፉ ተሰለፉ። አቶ ተማም መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ በኋላ ደስ አላቸው። ታፔላውን ላስተካክል ወይ ብለው አንድ ጊዜ መምህርቷን ቢጠይቋቸው፣ ይተዉት አቶ ተማም፣ በዚህ ከተማ በአደባባይ የቀረልኝ ሥራ እሱ ብቻ ነው አሏቸው። አቶ ተማም ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከወይዘሮ ራሕመትና ከሚንሃጅ ጋር እዚህ ከእኛ ጋር ቆመዋል። አላህ ይስጥልን እንላቸዋለን።

መምህርት የሺሃረግ በ2004 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ስትሮክ የሚሉት በሽታ ግራ ጎናቸውን ያዘው። ሐኪሙ አልጋቸው ፊት ቆሞ ግራ እጅዎን ያንሱልኝ ቢላቸው፣ በተሰበረ አንደበታቸው «የእርስዎን ግራ ነው የእኔን?» አሉት። ሐኪሙ አእምሯቸው ተነክቷል ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ ሜሪ እጁን ይዛ፣ ከዚህ የበለጠ ደህና ሆነው አያውቁም አለችው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተገለበጠ። ወይዘሮ ራሕመት ቁልፎቹን በሰፌድ ይዘው መጡ፤ መምህርቷ በግራ እጃቸው ባለ ሁለቱን ከባለ አራቱ ለዩ። የካልሲ ኳሱ ወጣ። ገመዱ ግቢው ውስጥ ተዘረጋ። ሜሪ በደከመው ግራ እግራቸው ቦቱን አጥልቃላቸው፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እሳቸው እግሯን እያዩ ይከተላሉ፤ አቶ ፍቅሩ ከኋላ ደግፈው ይሄዳሉ። ሦስቱ በገመዱ ላይ ሲሄዱ በአጥሩ በኩል ያየ ሰው አይረሳውም። ጥር ላይ ያለ ምርኩዝ ከበር እስከ አጥር ደርሰው ነበር።

ሕመሙ ግን ተመልሶ መጣ። መምህርት የሺሃረግ ኃይሌ በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ፍቅሩ፣ ልጆቻቸው አብርሆት፣ ፍቃዱና ሜሪ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ ወንድማቸው፣ እንዲሁም ግራና ቀኙን ያስተማሯቸው የዚህ ከተማ ልጆች ቀርተናል። ሊሸኙ ለመጣችሁ፣ ላስታመማችሁ፣ በድንኳኑ ለደከማችሁ የዕድራችን አባላት እግዚአብሔር ያክብርልን። ስትመለሱ በአቶ ተማም ሱቅ በኩል እለፉና ቀና በሉ።

ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ተቀይመውን አይደለም፤ ሲያስተምሩን እንደነበረው መንገዱን ለማሳየት ከፊት ቀድመው ነው። አምላክ በቀኙ ከሚያቆማቸው ጋር ያቁምልን። የማን ቀኝ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርምና፣ የሚቀበላቸው መልአክ ትዕግሥት ይኑረው፤ ዞር ይበልና በጀርባው ያሳያቸው። አሜን።